ጆሮ የመረጥን ዕለት

ሰው የሚፈራውን ነገር ሲያማ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ሰው የሚያማው የማይፈራውን ነው። ጎረቤቱን የሚፈራ ሰው የጎረቤቱን ዶሮ ሲረግም ይውላል፤ አለቃውን የሚፈራ ሠራተኛ ጥርሱን የሚነክሰው በዘበኛው ላይ ነው። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ብለው የጨረሱትን ነገር እኔ ምን አስረዘመኝ ትሉ ይሆናል። ያስረዘመኝማ፣ እኔ በምኖርበት ከተማ ዳውላው በዱላ ብዛት ተቀዶ እህሉ ከፈሰሰ ቆይቷል፤ አህያው ግን አንድም ቀን ጆሮው ሳይነካ ሣሩን ይግጣል።

ከተማችን ገንዳ ውሃ ናት። ከጎንደር ወደ ሱዳን ድንበር ስትወርዱ የመተማ ወረዳ መሥሪያ ቤቶች የተሰበሰቡባት፣ ሰሊጥ ሲደርስ እግር ማሳረፊያ የሚጠፋባት፣ ሰሊጥ ሲያልቅ ደግሞ ባጃጅና ፍየል ብቻ የሚቀሩባት ከተማ። ስለ ሙቀቷ አላወራም፤ ደጋ ላይ ጋቢ ለብሶ ለሚያነብብ ሰው ስለ ሙቀት ማውራት ለጠገበ ሰው ስለ ረሃብ እንደማውራት ነው። እኔ እዚህ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ስለ ንቁ ተሳትፎ፣ ስለ ግልጽነት፣ ሐሳብን ያለ ፍርሃት ስለ መግለጽ አስተምራለሁ፤ እንጀራዬም ይኸው ነው። ባለቤቴ እናንዬ ነርስ ናት፤ የምትሠራው ግን ጎረቤት ከተማ ኮኪት ነው። ሰኞ ጠዋት በሚኒባስ ትሄዳለች፣ ዓርብ ከሰዓት ትመለሳለች። እንግዲህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ ነው የዚህ ወግ አህያ።

መንገዱ ክፉ መንገድ አይደለም። አስፋልት ነው፣ ሜዳ ነው፣ ግራና ቀኙ እርሻ ነው። ችግሩ እርሻው ነው። ማሽላው ሲያድግ ከሰው ቁመት ያልፍና እስከ አስፋልቱ ጫፍ መጥቶ ይቆማል፤ ውስጡ ምን እንዳለ ከማሽላው በቀር የሚያውቅ የለም። አንዳንድ ቀን ከዚያ ማሽላ ውስጥ ሰዎች ብቅ ይላሉ፣ መኪና ያስቆማሉ፣ ከተሳፋሪው የወደዱትን ይዘው ተመልሰው ይገባሉ። ይታገታል ማለቴ ነው። ሰው ይታገታል። ይኸው ጻፍኩት፤ ጽፌውም በሩን አንድ ጊዜ ዞር ብዬ አየሁ።

በከተማችን ይህን ቃል የሚጠራ የለም። ወደዚያ የሚሄድ ሰው መናኸሪያ ሲደርስ «ኮኪት ዘንቧል?» ብሎ ይጠይቃል። «አልዘነበም» ከተባለ ይሳፈራል፤ «ደመና አለ» ከተባለ ቤቱ ይመለሳል። ይህን የምንባባለው በታኅሣሥ ነው። ሰማዩ እንደ ተጠረገ ምጣድ በሆነበት፣ ፍየሏ እንኳ ጥላ ፍለጋ መኪና ሥር በምትገባበት ወር ስለ ዝናብ እንጨነቃለን። እንግዳ ሰው ቢሰማን አእምሯችንን ፀሐይ የመታን ይመስለው ይሆናል።

ከትምህርት ቤታችን የሒሳብ መምህሩ ባለፈው የሰሊጥ አጨዳ «ዝናቡ» አግኝቶት ነበር። ዘመድ ወዳጅ አዋጥቶ ተመለሰ። ምን እንደሆነ አንጠይቀውም፤ እሱም አይነግረንም። ድሮ መምህራን ክፍል ውስጥ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ነበር የሚቀመጠው። አሁን ወንበሩን አዙሮታል። በሩ በተከፈተ ቁጥር የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ይተወዋል፤ የገባው የጽዳት ሠራተኛዋ መሆኗን ሲያይ ይቀጥላል። እኔ ደግሞ እሱን ባየሁ ቁጥር እናንዬን አስባለሁ።

ሰኞ ሰኞ ምን እንደምመስል ብታዩኝ ታዝኑልኛላችሁ። ሚኒባሱ ከወጣ ጀምሮ ስልኬን መዳፌ ውስጥ ይዤ አስተምራለሁ። «ደርሻለሁ» የምትል አንዲት ቃል እስክትመጣ ድረስ የማወራው ስለ ሕገ መንግሥት ይሁን ስለ ሽምብራ አላውቀውም። ኔትወርክ የጠፋ ዕለትማ ተማሪዎቼ ያለ ወትሮዬ ደግ እንደምሆን ያውቃሉ። የሚፈራ ሰው አይቆጣም፤ ሆዱ ሌላ ቦታ ነው።

እንግዲህ እንዲህ እያለን ሳለ ነው የሰላም ጥምረት የተቋቋመልን። ፖሊስ ብቻውን ወንጀል አይቀንስም፣ ኅብረተሰቡ ከጎኑ መቆም አለበት ተባለና ፖሊስ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ነጋዴዎች፣ ሴቶችና ሽማግሌዎች አንድ አንድ ሰው እንዲያዋጡ ተጠየቀ። ትምህርት ቤቱ እኔን አዋጣ። ከበላይ የተላከ አንድ ወጣት ባለሙያ ትልልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ ማርከሩን ከፍቶ፣ በላብ ተጠምቆ እንዲህ አለን፦

«ሁሉንም ችግር በአንድ ጊዜ መፍታት አይቻልም። ስለዚህ ቅድሚያ ትሰጣላችሁ። አንደኛ ባላችሁት ችግር ላይ ያላችሁን አቅም ሁሉ ታውላላችሁ።»

ያለን አቅም ሁሉ አንዲት ፒካፕ ነበረች። ከነፖሊሶቿና ከነሚሊሻዎቿ። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጥነው ሰዎች መካከል ነገሩ ያልገባው አልነበረም፤ አንደኛ ያልነው ነገር ፒካፗን ይወስዳል፣ ሁለተኛ ያልነው መልካም ምኞት ይወስዳል። ስለዚህ እኔ ከቤቴ የወጣሁት አንድ ነገር ቆርጬ ነው። ፒካፗን የኮኪት መንገድ ላይ አቆማታለሁ። እናንዬ የምታልፍበት ላይ። የሌላውን ሰው ሚስት ሌላው ሰው ያስብላት።

«እሺ፣ ችግሮቻችሁን ዘርዝሩ» አለ ባለሙያው።

አንዱ ተነሣና የባጃጅ ሙዚቃ ጩኸት አለ። ሌላው በሰሊጥ ወቅት የቀን ሠራተኞች ጠጥተው ይደባደባሉ አለ። አቶ ሙሉቀን የሚባሉት የሰሊጥ ነጋዴ ገበያ መሐል የሚለቀቁ አህዮች ሥርዓት ይያዝላቸው ብለው ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። ሺሻ ተነሣ። የዶሮ ሌባ ተነሣ። ወረቀቱ ሞላ። አንዱ ሊናገር ብሎ ጉሮሮውን ጠራረገና ተወው። ሌላው «እንግዲህ የዝናቡም ነገር አለ» ሲል፣ ባለሙያው ከልቡ ተደስቶ «ጎርፍ» ብሎ ጻፈ። ማንም አላረመውም።

እኔስ? እኔም አላረምኩትም። እጄን ላነሣ ከጠረጴዛው ላይ ከፍ ካደረግኩት በኋላ ዙሪያዬን አየሁ። አስቡት እስቲ፣ አጋች ከሰማይ አይወርድም። የሆነ ሰው የአክስት ልጅ ነው፤ የሆነ ሰው አበልጅ ነው፤ የሆነ ሰው እርሻ ላይ አብሮ ያረመ ነው። ከዚህ ከተቀመጡት አንዱ ለወንድሙ ያወራል፣ ወንድሙ ለጓደኛው፣ ጓደኛው ማሽላ ውስጥ ላለው ሰው። «ያ መምህር ነው ያነሣብን። ሚስቱ ሰኞ ሰኞ ታልፋለች» ይላል። እሷን ላድን ብዬ የምናገረው ነገር እሷኑ ሊያስወስድብኝ ነው! ከፍ ያለውን እጄን ወደ ጭንቅላቴ ወስጄ አከክሁበት። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ሰኞ ግን ይመጣል።

እንዲህ ስንተያይ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። አባቶቻችን በሬ ተሰርቆ ሌባው ሲጠፋ አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር። የአገሩ ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፣ ነገሩ ሳይወጣ ማንም አይበተንም። ግን በአደባባይ ተናገር ተብሎ የሚገደድ የለም። ሰዉ ያመነው አንድ ጆሮ ይመረጣል፤ እያንዳንዱ እየሄደ በዚያ ጆሮ ያንሾካሹካል፤ ጆሮውም በመጨረሻ ቆሞ «ወፍ እንዲህ አለች» ይላል። የትኛዋ ወፍ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ይህንኑ ሐሳብ አቀረብኩ። ችግሩንም እንዲሁ በወፍ እንምረጠው አልኩ። ባለሙያው «አሳታፊ ዘዴ» ብሎ ጻፈ። የሌላው ሰው ፊት ደግሞ እንደ ታጠበ ሳህን በራ። ለካ ሁሉም የሚናገርበት ጨለማ ጥግ ሲፈልግ ኖሯል።

ከባዱ ነገር አለቀ ብለን ጆሮ ወደ መምረጥ ሄድን። አላለቀም። ቄሱ ይሁኑ ሲባል፣ የግማሹ ሰው የነፍስ አባት ናቸው፣ ሸክም አናብዛባቸው ተባለ። ሼሁ ይሁኑ ሲባል፣ እሳቸው ራሳቸው ተዉኝ አሉ። ፖሊስን ወክሎ የመጣውን ኢንስፔክተር የጠቆመ አንድ ሰው ነበር፤ ሁሉም ዞሮ ሲያየው ሐሳቡን ተወው፤ በፖሊስ ጆሮ ማንሾካሾክ ስሙ ሌላ ነውና። እኔ ተጠቆምኩ። አቶ ሙሉቀን «መምህር እንኳን የሰማውን ያልሰማውንም ያስረዳል» አሉና ከሣቅ ጋር ወደቅሁ።

በመጨረሻ ከወደ ኋላ አንዱ «ጋሽ አዳነስ?» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ጋሽ አዳነን ላስተዋውቃችሁ። ዕድሜያቸውን ከአብርሃ ጅራ እስከ መተማ በትራክተር ላይ የፈጁ፣ ያላረሱት የሰሊጥ መሬት የሌለ፣ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ ናቸው። ትራክተሩ ግን ውለታውን በጆሯቸው ወሰደ። ደህና አድርገው አይሰሙም። የማይሰማ ሰው ደግሞ ሌላውም የማይሰማ ይመስለዋልና፣ እሳቸው «ደህና አደርክ» ሲሉ የሱዳን ፍየሎች ቀና ይላሉ። ሽማግሌዎቹን ወክለው እዚያ ጥግ ተቀምጠው፣ ስለ ምን እንደምናወራ ሳይሰሙ በየመሐሉ በደስታ አንገታቸውን ሲነቀንቁ ነበር። እንግዲህ ታዘቡን። ያ ሁሉ የተማረ፣ ያ ሁሉ የተቀባ፣ ምሥጢሩን የሚያስቀምጥበት ጆሮ ሲያማርጥ ቆይቶ ቆይቶ በሙሉ ድምፅ የመረጠው የማይሰማውን ጆሮ ነው! ማንም «ለምን እሳቸው?» አላለም። ሁላችንም ምክንያቱን እናውቃለን፤ ሁላችንም አፍረን አንዳችን ሌላችንን አላየንም።

ምን እንደሚጠበቅባቸው ባለሙያው በጆሯቸው ጮኾ አስረዳቸው። ጋሽ አዳነ ደስ አላቸው። ወንበራቸውን ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አስወሰዱና መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ ደግነው ተቀመጡ። ከዛፉ ማዶ አጥሩ፣ ከአጥሩ ማዶ ወደ ኮኪት የሚወስደው አስፋልት ይታያል። አንድ በአንድ እየወጣን ሄድን። እያንዳንዱ ጎንበስ ይላል፣ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ጋሽ አዳነ «እህ... እህ...» እያሉ በጥሞና ይነቀንቃሉ፣ ሰውዬውም ከጥምቀት እንደወጣ ሁሉ ቀለል ብሎት ይመለሳል።

ተራዬ ደረሰ። ጎንበስ አልኩ። «የኮኪት መንገድ» የምትለው ቃል ምላሴ ላይ ተዘጋጅታ ነበር። ያኔ ነው ያላሰብነው ነገር የታየኝ። የማይሰማ ሰው እኮ ይደግማል! «ምን አልህ? የኮኪት መንገድ?» ብለው ቢጮኹስ? አጥሩ ሥር ባጃጅ ተደርድሯል፣ አስፋልቱ ላይ ሰው ይሄዳል። በዚያ ሙቀት በረደኝ ስላችሁ እመኑኝ። ዓይኔን ከአስፋልቱ ላይ መንቀል አልቻልኩም።

«የባጃጅ ሙዚቃ» ብዬ አንሾካሾክሁ።

«እህ» አሉ ጋሽ አዳነ፣ አንገታቸውን ነቅንቀው።

ወደ አዳራሹ ስመለስ ግን በራሴ እንዲህ አልኩ፦ አንድ ሰው ቢጎድል ምን አለበት? ሌላው ሁሉ መንገዱን ብሏል። ዓይኑን አይቻለሁ። እኔ አንድ ፈሪ ነኝ፣ ፈሪ ለናቱ ነው፤ ደፋሮቹ ይበቃሉ።

ጋሽ አዳነ ዱላቸውን ተደግፈው ገቡ። መሐል ላይ ቆሙ። ሁላችንንም አንድ ጊዜ ዞር ዞር ብለው አዩን። ከዚያ ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ፦

«ወፍ ተናግራለች! ወፍ ያለችው መንገዱን ነው! የኮኪትን መንገድ! ሰው የሚታገትበትን! ሁላችሁም፣ አንድ ሳይቀር!»

ውጭ የነበረው ባጃጅ ሞተሩን አጠፋ። ያ ስንሸሸው የኖርነው ቃል አዳራሹ መሐል እንደ ወደቀ ድስት ሲሽከረከር እኔ የተሰማኝ ደስታ አልነበረም፤ ዓይኔ የሮጠው ወደ በሩ ነው። ኢንስፔክተሩ ወንበሩ ላይ ቀና አለ። ባለሙያው ማርከሩን ወደ ላይ አንሥቶ «ሙሉ ስምምነት! በሄድኩበት ሁሉ እንዲህ ያለ አላየሁም!» አለ። እኔ ግን «አንድ ሳይቀር» የምትለዋ ነገር ጆሮዬ ላይ ቀረች። አንድማ ቀርቷል። እኔ ቀርቻለሁ። ሽማግሌው አላወቁብኝም ብዬ ቀና ስል ከአቶ ሙሉቀን ጋር ዓይን ለዓይን ገጠምን። የአቶ ሙሉቀን ፊት የኔን ፊት ይመስል ነበር። ቄሱን አየሁ። የቄሱም ፊት እንደዚያው ነው።

ከስብሰባው በኋላ ከርከዴ ልንጠጣ ተቀመጥን። «መቼም እኔ ደፍሬ ባልናገር ኖሮ...» አሉኝ አቶ ሙሉቀን በዝግታ። «እኔም እንደዚያው» አልኩ። ሁለታችንም ብርጭቋችንን አየን። በዚያ ሳምንት ከጥምረቱ ሰዎች ያገኘሁት ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ መንገዱን ያለው እሱ መሆኑን በጆሮዬ ነገረኝ። በጆሮዬ ብቻ።

ዓርብ ማታ እናንዬ «አንተስ ምን አልክ?» አለችኝ።

«መንገዱን ነዋ!»

ወጥ ስታወጣ ሥጋው ሁሉ በኔ በኩል ሆነ። በላሁት። ምን ላድርግ፣ ሥጋ ነው።

ፒካፗ መንገዱ ላይ ወጣች። ጠዋት ከሚኒባሶቹ ጋር ትሄዳለች፣ እርሻው የሚጠብበት ቦታ ላይ ትቆማለች፣ ማታ ትመለሳለች። እናንዬ ሰኞ ሰኞ ደውላ «እጃቸውን አውለበለቡልን» ትለኛለች። መናኸሪያ ላይ ስለ ዝናብ የሚጠይቅ ሰው ቀነሰ። የሒሳብ መምህሩ ግን ወንበሩን ወደ ቀድሞው አልመለሰውም። እኔም ብሆን ልቤ ሙሉ በሙሉ አላረፈም፤ የፒካፗ ነገር ያለ መሠረት የቆመ ምሰሶ መሆኑን የማውቀው እኔ ነኝ። ወይም እያንዳንዳችን።

ከዚያ ያ ሰኞ መጣ።

እናንዬን ልሸኝ መናኸሪያ ነበርኩ። ሚኒባሱ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል፣ እሷ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች፣ ረዳቱ «ኮኪት! ኮኪት!» ይላል። ፒካፗ ፊት ለፊት ቆማለች፤ ኢንስፔክተሩ አንድ እግሩን ጎማዋ ላይ ሰቅሎ ለሚሊሻዎቹ ትእዛዝ ይሰጣል። አቶ ሙሉቀንም ለመኪና የሚሰጡት ጆንያ ኖሯቸው ከወዲያ ቆመዋል። በዚህ መሐል የጋሽ አዳነ ድምፅ ከነዱላቸው መጣ።

«መምህር! አንተ መምህር! እሰይ አገኘሁህ!»

«እንዴት አደሩ ጋሽዬ?»

«ትናንት ከገበያ ስመለስ አንድ የማላውቀው ሰው አቆመኝ!» አሉ፣ መናኸሪያው ሁሉ እንዲያውቅ። «ሸጋ ጎበዝ ነው፣ ሰላምታውም ደኅና። በጆሮዬ ጮኾ፣ እግዜር ይስጠው ደኅና አድርጌ ሰማሁት፣ ‹አባባ፣ ያን የኮኪትን መንገድ ነገር ያነሡት እነማን ናቸው?› አለኝ።»

ረዳቱ «ኮኪት» ማለቱን አቆመ።

«እና... እርስዎ ምን አሉት?» አልኩ፤ ከንፈሬን አይተው ሳይገምቱ አልቀሩም።

«ሁሉም ናቸው አልሁት። ‹ስማቸውን ይንገሩኝ እንጂ› አለኝ። እኔ ምኑን አውቄ! ቆይ፣ ጠይቄ እነግርሃለሁ አልሁት!»

ጋሽ አዳነ እጄን ያዙኝ። እጃቸው ትልቅ ነው፣ ሻካራ ነው፣ አይለቅም።

«እውነቱን ልንገርህ መምህር፤ ያን ለት አንዳችሁንም አልሰማሁ! ከንፈራችሁ ሲነቃነቅ አየሁ እንጂ። ግን እኮ ሁላችሁም በጆሮዬ ስትንሾካሾኩ ዓይናችሁ አስፋልቱ ላይ ነበር። ሰው የሚያየውማ የሚፈራውን ነው ብዬ ተናገርሁ። ተሳሳትሁ እንዴ? በል እስቲ፣ አንተስ ምን ነበር ያልኸኝ?»

ኢንስፔክተሩ እግሩን ከጎማው ላይ አወረደ። ወደኛ ዞሮ ቆመ። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው አንገቱን አሰገገ። ከሱቆቹ በረንዳ ላይ የተቀመጡ ሰዎች አሉ፤ ግማሾቹን አላውቃቸውም። ያ ሸጋ ጎበዝ ከመካከላቸው ይሁን አይሁን በምን ልወቅ? እናንዬ መስኮቱን ገፋ አድርጋ ከፈተችው።

ጎንበስ ብዬ በጋሽ አዳነ ጆሮ አንሾካሾክሁ።

«ምን? ጮኽ በል! አልሰማም!»

አሁን እናንተ ፍረዱኝ። «የባጃጅ ሙዚቃ ነው ያልኩዎት» ብል እውነቴን ነው። ግን ያን ያልኩ እንደሆነ መንገዱን ያነሣ ሰው በዚህች ከተማ አንድ ሽማግሌ ብቻ ሊሆኑ ነው፤ እሳቸውም ነገ ለዚያ ሸጋ ጎበዝ ይህንኑ በደስታ ይነግሩታል። ፒካፗም ወፍ ያላለችውን ቦታ ምን ልትጠብቅ ትቆማለች? ትመለስና ባጃጅ ታሳድዳለች። «መንገዱን» ብል ደግሞ ስሜ ዛሬውኑ ማሽላ ውስጥ ይገባል። ሚስቴ እዚያው ማሽላ አጠገብ ልታልፍ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣለች። ፈራሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። የያዝኩትን የእናንዬን ቦርሳ ደረቴ ላይ ለጥፌ አቀፍኩት።

«መንገዱን ነው ያልኩዎት!» ብዬ ጮኽሁ። «የኮኪትን መንገድ!»

ድምፄ እንደዚያ ሊወጣ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከመናኸሪያው ቆርቆሮ ላይ ነጥሮ ተመለሰ። በአጠገቤ የቆሙ ሁለት ሰዎች፣ ሥራ እንዳለባቸው ትዝ ብሏቸው ሊሆን ይችላል፣ ራቅ ራቅ አሉ። ኢንስፔክተሩ ትንሽ አየኝና ሚሊሻዎቹን «ውጡ፣ እንሂድ» አላቸው።

«እሰይ! አላልሁም?» አሉ ጋሽ አዳነ።

ቦርሳውን ለእናንዬ በመስኮቱ አቀበልኳት። ስትቀበለኝ እጄ ላይ እጇን አቆየችው።

«አሁን ነው ያልከው፣ አይደል?» አለችኝ፣ በዝግታ።

ሚኒባሱ ተነሣ፤ ፒካፗ ቀደመችው፤ ተከታትለው ወደ አስፋልቱ ወጡ። እስኪጠፉ ድረስ አየሁ። ስልኬን አወጣሁና መዳፌ ውስጥ ያዝኩት።

ከኋላዬ ጋሽ አዳነ ወደ ቀጣዩ ሰው ዞረው ነበር።

«ሙሉቀን! አንተስ ምን ነበር ያልኸኝ?»

አቶ ሙሉቀን በፍጥነት ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ማሠር ጀመሩ። ያደረጉት ነጠላ ጫማ ነበር። ጋሽ አዳነም አብረዋቸው ጎንበስ አሉና ጆሯቸውን ሰጧቸው።